ፈተናው የሚጀምረው ቀበሌ ነው፦ ከጎንደር ተነስቶ ወታደራዊ አካዳሚ ለሚፈተን

መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ የወደቅኩት በሩጫ አይደለም። ሒሳብም አልጣለኝም። የጣለችኝ አንዲት እዝባር ናት። የአባቴ ስም በ«ወልደ» ይጀምራል። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ «ወ/» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ደግሞ ሙሉው አለ። መዝጋቢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝና «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ በጠዋት እየተነሳሁ የጎሃን ዳገት ስወጣ ስወርድ ከርሜ፣ ሰልፉ ላይ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳልቆም ወደ ቤቴ።

ከዚያ ወዲህ ታናሽ ወንድሜንና ብዙ የሰፈር ልጆችን ወረቀታቸውን እያየሁ፣ አብሬያቸው እየሮጥኩ ሸኝቻለሁ። ያለፉ አሉ፣ የተመለሱም አሉ። ከተመለሱት አብዛኞቹ ጎበዞች ነበሩ። የተመለሱት በወረቀት፣ በጫማ፣ በቁርስ፣ በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ ይሄን ስጽፍ ትኩረቴ እዚያ ላይ ነው። ማንበብ የምትፈልገው ስለ ፑሽ አፕ ብቻ ከሆነ ትንሽ ወረድ በል፤ ግን ተመልሰህ እንደምትመጣ አውቃለሁ።

የትኛው በር?

«አካዳሚ ልገባ ነው» ብሎ የሚመጣ ልጅ ሁሉ አንድ ነገር ማለቱ አይደለም። አንዱ አካዳሚ የሚለው መደበኛውን የወታደር ምልመላ ነው። ሌላው ዕጩ መኮንንነትን ነው፣ ሠልጥነው በምክትል መቶ አለቃነት የሚመረቁበትን። ሦስተኛው ደግሞ መከላከያ ዩኒቨርሲቲን ነው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይዘው የሚገቡባቸውን ቢሾፍቱ ያሉትን የምህንድስናና የጤና ኮሌጆች። ሦስቱም ዕድሜው፣ የትምህርት ደረጃው፣ ፈተናው ይለያያል። በኋላ የሚያስፈርሙህ የአገልግሎት ዘመንም እንዲሁ። ይሄንን ውል ደግሞ እባክህ ሳትፈርም አንብበው። ብዙ ዓመት ነው። ጓደኛህ ስለፈረመ አትፈርም።

ቦታዎቹንም እወቃቸው። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገነት የሚባለው የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው እዚያ ነው፣ ጣልያን ሊወረን አንድ ዓመት እንኳ ሳይቀረው። የሐረር ጦር አካዳሚ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. በህንድ መኮንኖች እጅ ነው የተጀመረው። ይህንን የምነግርህ ታሪክ ላስተምርህ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ላይ «ልትገባበት ስለምትፈልገው ተቋም ምን ታውቃለህ?» ሲሉህ ጣሪያ እንዳታይ ነው።

ማስታወቂያውን ራስህ አንብበው

ጓደኛህ በስልክ የነገረህን አትመን። ቴሌግራም ላይ የተላለፈ ስክሪንሾትንም አትመን፤ የአምናው ሊሆን ይችላል፣ ሆኖ አይቻለሁ። የመከላከያ ሠራዊቱን የራሱን ገጽ እይ፣ ዜና ላይ ጠብቅ፣ የቀበሌህንና የክፍለ ከተማህን ማስታወቂያ ሰሌዳ ቆመህ አንብብ። ከዚያ አምስት ነገር በእጅህ ጻፍ፦ የዕድሜ ገደቡን፣ ቁመቱን፣ የትምህርት ደረጃውን፣ የምዝገባውን ቀንና ቦታውን። ቁጥሮቹ ከዙር ዙር ስለሚለዋወጡ ያለፈው ዓመት ያለፈ ልጅ የነገረህን ቁመት ይዘህ መሄድ የለብህም።

ሰዓቱንም ልብ በል። «8:00» የሚል ካየህ በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? «ከጠዋቱ 2:00» ብሎ ካልጻፈ ጠይቅ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ዘንጦ የደረሰ ልጅ አውቃለሁ፣ ምዝገባው ጠዋት ተዘግቷል።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ብቻ። «ሰው አለኝ፣ አሳልፍሃለሁ» የሚልህ ሰው ገንዘብህን ይበላል፣ አለቀ። አልፈህ ከተገኘህ «እኔ ነኝ ያሳለፍኩህ» ይላል፣ ከወደቅህ ስልኩ አይነሳም። ሥራው ይህቺ ናት።

ወረቀት ወረቀት ወረቀት

ምዝገባው እስኪጀመር አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ያለህን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርጋ። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ። ዲግሪ ካለህ እሱንም። ከዚያ ስምህን፣ የአባትህንና የአያትህን ስም ፊደል በፊደል አስተያይ። ፊደል በፊደል ስል ቀልዴ አይደለም። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» አለ። «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ» አለ። «ገ/» እና «ገብረ» አለ። በእንግሊዝኛ ደግሞ አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ» ሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» የተጻፈ አለ። አንዳንዱ መዝጋቢ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ አያልፈውም፣ አንተ ደግሞ የትኛው እንደሚደርስህ አትመርጥም።

ልዩነት ካገኘህ ምን ታደርጋለህ? እኔ በስንት ምልልስ የተማርኩትን ልንገርህ። መታወቂያህን ወደ ሰርተፊኬትህ አምጣው እንጂ ሰርተፊኬትህን ወደ መታወቂያህ ለማምጣት አትልፋ። መታወቂያ ቀበሌ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው፣ የብሔራዊ ፈተና ሰርተፊኬት ላይ ስም ማስቀየር ግን ወራት ይበላል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ ላይ የክርስትና ስምህ ሌላው ላይ የዓለም ስምህ ካለ፣ ፍርድ ቤት አመልክተህ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ታወጣለህ። ምስክር ይዘህ ትሄዳለህ፣ ቀጠሮ አለው፣ ምልልስ አለው። አስቀድመህ ጀምረው የምልህ ለዚህ ነው። ፋይዳ ላይ ያለውም ስምና የትውልድ ቀን እንዳይለይ እይ፤ 12 አሃዝ ያለውን ቁጥርህንም ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ስልክ ይዘጋል።

ያላገባህ መሆንህን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ አንዳንዴም ዋስ ይጠየቃል። ማስታወቂያው የጠየቀውን ብቻ አውጣ፣ ግን የሥራ ቀን ስትቆጥር ለጋስ ሁን። ኃላፊው ስብሰባ ይሆናል። ሲስተም የለም ይሉሃል። ሲስተሙ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ፣ ከጥር 10 እስከ 12 ጎንደር ላይ ማህተም የሚመታልህ ሰው ፈልገህ ካገኘህ ንገረኝ፣ እኔም ጉዳይ አለኝ።

ኮፒውን ቀድመህ አስወጣ፣ ከእያንዳንዱ አራት አራት። ፒያሳ ኮፒ ቤት ሞልቷል፣ የምዝገባው ጠዋት ግን ሁሉም ደጅ ሰልፍ አለ። ጉርድ ፎቶ ስምንት ያህል፣ በቅርብ የተነሳኸው፣ ጆሮህ የሚታይበት ይሁን። ኦሪጅናሉን ለማሳየት ያዝ፣ ለማስረከብ ግን አይደለም፤ ማስረከብ ግድ ከሆነ የተቀበለህ ሰው ፈርሞ ወረቀት ይስጥህ። ሁሉንም ፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ አድርግ። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ በላዩ ፌስታል። የጎንደር ዝናብ ከማራኪ ፒያሳ ባለው መንገድ ብቻ ሰርተፊኬት ያጥባል።

ዕድሜህን በሁለት አቆጣጠር አስላ

ይሄ አጭር ነው ግን ብዙ ልጅ ይጥላል። ቅጹ አንዳንዴ የፈረንጅ ቀን ይጠይቃል። ሰው ደግሞ «ስምንት ደምር» ብቻ ነው የሚያውቀው። ትክክለኛው ይሄ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰባት ይደምራል፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ያለው ስምንት ይደምራል። ጥር 11 ቀን 1998 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 2006 ነው። ኅዳር 11 ቀን 1998 የተወለደው ግን 2005 ውስጥ ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ቀኑ በአንድ ይገፋልና በስልክህ መቀየሪያ አረጋግጥ። ገደቡ ላይ ያለህ ሰው ከሆንክ ይቺ አንድ ዓመት ትመልስሃለች ወይም ታስገባሃለች። ዕድሜ ቀንሶ ማስጻፍ የሚባለውን ነገር ግን ተወው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትህ ያጋልጥሃል።

እግርህን አዘጋጅ፣ ስምንት ሳምንት

ጎንደር ላይ ያደግህ ልጅ አንድ ዕድል አለህ። ከተማው ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፣ ዳገት ደግሞ በነጻ ነው። ሆለታ ወደ 2,400 ይጠጋል፣ ስለዚህ ከቆላ የመጣ ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው አንተ ብዙም አይሰማህም። ችግርህ ሙቀት ነው። ብር ሸለቆ ወይም ሁርሶ አካባቢ ለሥልጠና ብትላክ ፀሐዩ ሌላ ነው። ለዚያ በሳምንት አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ሩጥ፣ ውኃ ይዘህ፣ ቀስ ብለህ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ጀግና አትሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ፍጥነት። ማውራት ካልቻልክ ፈጥነሃል። ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርዶ መመለስ ለዚህ ይበቃል፤ ሲወርዱ ደስ ይላል፣ ሲመለሱ ትምህርት አለው። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት አራት ቀን አድርገው፣ አንዱን ቀን ዳገት። ጎሃ ወይም ቁስቋም። ዳገቱን በትንንሽ እርምጃ ውጣ፣ ቁልቁለቱን በእግር ተራመድ፣ ጉልበት የሚበላሸው ሲወርዱ ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሳምንት ላይ ሰዓት ያዝ። መደበኛ መሮጫ ላይ አንድ ዙር 400 ሜትር ነው፣ ሰባት ዙር ተኩል ስትሮጥ 3 ኪሎ ሜትር ይሞላል። እኔ ለሰፈሬ ልጆች ያወጣሁት መለኪያ ይቺን ከ14 ደቂቃ በታች መጨረስ ነው። ሰዓት ቆጣሪ ጓደኛ ያስፈልጋል፣ ለራስህ ስትቆጥር ታዳላለህ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ግማሹን ቀንስ። ይሄን ማንም አይሰማኝም። ታናሽ ወንድሜ ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት «የመጨረሻ ልሞክር» ብሎ ሮጦ ቁርጭምጭሚቱን አጠፈው፣ ስለዚህ አሁን እሱ ነው ለልጆቹ የሚመክረው።

ፑሽ አፕና ሲት አፕ በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለልክ ሥራ። ደረትህ መሬቱን እስኪቀርብ ካልወረድክ አይቆጠርልህም፣ ጮክ ብሎ «ሠላሳ» ያለ ልጅ «አሥራ ሁለት» ተብሎ ሲጻፍለት አይቻለሁ። ቀስ ብለህ ትክክለኛውን አሥር ሥራ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጨምር።

ጎህ ሳይቀድ ብቻህን አትውጣ። የውሻውም ነገር አለ፣ የጅቡም፣ ሰዓት እላፊ ካለም የሰዓት እላፊው። ሲነጋ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። ጫማውን በተመለከተ ደግሞ አዲስ ጫማ ለፈተና ቀን ማለት ለሠርግ ሳይሆን ለቁስል ነው። ቢያንስ ሦስት ሳምንት የሮጥክበት ይሁን።

ፆም ላይ ከሆንክ፣ በተለይ ሁዳዴ 55 ቀን ነውና፣ ልምምዱን ከሰዓት አድርገውና ካበቃህ በኋላ ወዲያው ብላ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ኑግ፣ ተልባ ይበቃሃል። እናቶቻችን የሚያዘጋጁትን በሶ የምትንቅ ልጅ ከሆንክ አቁም። መንገድ ላይ ከዚያ የተሻለ ስንቅ የለም፣ አይበላሽም፣ ሆድ አያስቀይምም።

ሐኪሙ ፊት

ቁመት ባዶ እግር ነው የሚለካው። ሰው ጠዋት ሲነሳ ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሸከም የጀርባው ዲስክ ስለሚጫን። ገደቡ ላይ ከሆንክ ጠዋት ተለካ፣ ከዚያ በፊት ሦስት ሰዓት ሰልፍ ላይ ቆመህ አትድከም፣ ተራህ እስኪደርስ ቁጭ በል። ፀጉርህን አቁመህ ለማታለል አትሞክር፣ መለኪያው እንጨት ፀጉሩን ተጭኖ ነው የሚወርደው።

ዓይን ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ከሩቅ ፊደል ማንበብ ነው። ሁለተኛው ባለ ቀለም ነጠብጣብ ክብ ውስጥ የተደበቀ ቁጥር ማንበብ ነው፣ ቀይና አረንጓዴ መለየትህን የሚያይ። ብዙ ወንድ ልጅ ቀለም እንደማይለይ የሚያውቀው እዚያ ቁጭ ብሎ ነው። በሽታ አይደለም፣ ከእናት በኩል የሚወረስ ነው፣ ግን ለአንዳንድ ሙያ፣ በተለይ ለበረራ፣ አያሳልፍም። ስለዚህ ሁለት ወር ከመድከምህ በፊት አንድ የዓይን ክሊኒክ ገብተህ ተመርመር። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የተነጠፈ እግር፣ ቡአ፣ ኪንታሮት፣ ያበጠ የደም ሥር፣ የቆየ ስብራት፣ እነዚህም ይታያሉ። ሊታከም የሚችለውን አስቀድመህ ታከም። ደም፣ ሽንትና የደረት ራጅም ሊኖር ይችላል።

የደም ግፊትህን ደግሞ ቡና ያበላሸዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተህ፣ ሮጠህ ደርሰህ፣ ደንግጠህ ክንድህን ብትሰጥ መሣሪያው የሌለብህን በሽታ ያወራል። ያን ቀን ጠዋት ቡናውን ተው፣ ለእናትህም ንገራት፣ «ለልጄ መልካም ዕድል» ብላ አፍልታ ልትጠብቅህ ትችላለች።

እህቴ፣ ላንቺም ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል፣ የቁመትና የሩጫ መለኪያው ግን የተለየ ስለሚሆን ማስታወቂያው ላይ የሴት የሚለውን መስመር ፈልጊ። የእርግዝና ምርመራ አለ፣ አትደንግጪ፣ ለሁሉም ነው። የወር አበባሽ ቀኑ ላይ ሊመጣ እንደሚችል አስበሽ አስፈላጊውን ያዢ። የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣም ግዢ፣ በልምምድ ወቅት ልበሺው፣ የዚያን ቀን የመጀመሪያሽ አይሁን።

የጽሑፍ ፈተናው

ብዙ ጊዜ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጠቅላላ ዕውቀትና የማገናዘብ ጥያቄ ነው። መልስ መስጫው ክብ ማጥቆር ነው። እዚህ ላይ የሚያልቁ ልጆች አሉ። አንድ ጥያቄ ዘለህ ክቡን ሳትዘል ብታጠቁር ከዚያ በኋላ ያለው መልስህ በሙሉ አንድ ቁጥር ይንሸራተታል፣ ሁሉንም አውቀህ ዜሮ ማለት ነው። አምስት አምስት ጥያቄ በሠራህ ቁጥር የጥያቄውን ቁጥርና የክቡን ቁጥር አስተያይ። እርሳስ ሁለት፣ ጥሩ ላጲስ፣ መቅረጫ። የመፈተኛ ቁጥርህን ያለ ስህተት አጥቁር፣ ቀስ ብለህ፣ መጀመሪያ።

ሰዓቱን ከፋፍል። 50 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ቢሰጡህ ለአንዱ 72 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከባዱን ዝለልና ተመለስ። የማገናዘብ ጥያቄ ልምምድ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም። 3፣ 6፣ 11፣ 18፣ 27 ካለህ ልዩነታቸውን ጻፍ፦ 3፣ 5፣ 7፣ 9። ቀጣዩ 11 ነው፣ መልሱ 38። የመቶኛ ወጥመድም አለ፦ 100 ብር የነበረ ዕቃ 20 በመቶ ቀንሶ እንደገና 20 በመቶ ቢጨምር ስንት ሆነ? መቶ ያለ ወድቋል። 80 ይሆናል፣ የ80 ሃያ በመቶ 16 ነው፣ 96። እንዲህ ያለውን በቀን አሥር ሥራ፣ ስልክህን ዘግተህ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብህን መልሰህ እይ፣ ከዚያ በላይ ብዙ አትጨነቅ።

ጠቅላላ ዕውቀት ላይ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሕገ መንግሥቱ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ጀምሮ በሥራ ላይ መዋሉን፣ ስለ መከላከያ የሚናገረው አንቀጽ 87 መሆኑን ግን ጥቂት ልጅ ነው የሚያውቀው። ማዕረጎቹን በቅደም ተከተል ያዝ፦ ከምክትል መቶ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ እያልክ እስከ ፊልድ ማርሻል። ደግሞ የራስህን ከተማ። ስድስት ዓመት ሙሉ በግንቡ ሥር እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ «ጎንደር መቼ ተቆረቆረች?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም አለ። በ1628 ዓ.ም. ነው፣ በአፄ ፋሲል። የጎንደር ልጅ ይሄን ሳያውቅ ቢመለስ እኔም አላዝንለት።

ቃለ መጠይቁ

በር አንኳኳ፣ ግባ ሲሉህ ግባ፣ ተቀመጥ እስኪሉህ ቁም። «አቤት ጌታዬ» ማለት አያሳፍርም፣ እዚያ ቤት ንግግሩ እንዲህ ነው። ድምፅህ ይሰማ። እኛ ጎንደሬዎች ሰው ስናከብር አንገት እንደፋለን፣ መሬት መሬት እናያለን፣ እዚያ ግን የጠያቂውን ዓይን የማያይ ልጅ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። ቀና በል፣ ግን አታፍጥ።

«ለምን ወታደር መሆን ፈለግህ?» አይቀርም። «ሥራ አጥቼ» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። «አገሬን ስለምወድ» ብቻ ማለትም ከመቶ ልጅ ዘጠና ዘጠኙ የሚለው ነው። አንድ የራስህ ነገር ይኑርህ። አያትህ ወታደር ነበሩ? የጤና ትምህርት ፈልገህ ነው? ሬዲዮና ማሽን መፍታት ስለምትወድ ምህንድስና ነው ልብህ? እሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገር፣ አቁም። «ቤተሰብህ ያውቃል?» ሲሉህ ደግሞ መልሱ እውነት መሆን አለበት። ስለዚህ ከቤት ተደብቀህ አትመዝገብ። እናት በዚህ ዘመን ብትፈራ አይፈረድባትም፣ ቁጭ ብለህ አስረዳት፣ ካላመነች ታላቅህን ወይም የነፍስ አባታችሁን አምጣ። በኋላ ከሥልጠና ቦታ ደውለህ ከምታስደነግጣት ይሻላል።

የማታውቀውን ስትጠየቅ «አላውቀውም ጌታዬ» በል። ፈጥሮ የሚያወራ ልጅን በሦስተኛው ጥያቄ ያገኙታል።

መንገዱና ጠዋቱ

ፈተናው እዚሁ ከተማ ከሆነ ቦታውን ከአንድ ቀን በፊት ሄደህ እየው። አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ላይ ታክሲ ሰልፍ አለው፣ ባጃጅ ደግሞ ዋጋ ይጨምርብሃል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ከተጠራህ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዚያው ሳምንት ጠይቅ፣ ሁለት ቀን ቀድመህ ድረስ፣ ዘመድ ቤት ከሆነ የምታርፈው ደውለህ ንገራቸው። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብለህ በዚያው ጠዋት ለመሄድ አታስብ። ኬላ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ጎማ አለ። መታወቂያህ ከቦርሳው ሥር ሳይሆን ከደረት ኪስህ ይሁን።

ከፈተናው በፊት ያለው ማታ አዲስ ምግብ አትብላ። ክትፎ ልጋብዝህ የሚል ዘመድ ካለ ከፈተናው በኋላ በለው። ጠዋት ከሩጫው ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር፣ ዳቦና ሻይ ወይም በሶ። ብዙ ውኃ በአንዴ አትጋት። ላብ የሚመጥ ቲሸርት፣ ቁምጣ፣ በላዩ ጃኬት፣ የጎንደር ጠዋት ይበርዳል።

ሩጫው ሲጀመር ሁሉም እንደ ፈረስ ይወጣል። አንተ አትውጣ። የመጀመሪያውን ዙር ከኋላ ብትሆን ምንም አይደለም፣ በአራተኛው ዙር ፈረሶቹን እየተራመዱ ታገኛቸዋለህ።

ከዚያ በኋላ

የተመዘገብክበትን ቁራጭ ወረቀት እስከ መጨረሻው አትጣል፣ ፎቶም አንሳው። የሰጠኸው ስልክ ቁጥር ክፍት ይሁን፤ ሲም እየቀያየረ ጥሪ ያመለጠው አለ። ውጤት ሲለጠፍ ስምህን ሳይሆን ቁጥርህን ፈልግ። ጎንደር ላይ አንድ ዓይነት ስም ያለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔ በሁለተኛው ጊዜ ስሜን አይቼ እልል ብዬ ቤት ደርሼ ሁለት ዶሮ ከታረደ በኋላ ነው ልጁ ሌላ መሆኑን ያወቅኩት። አያቱ ሌላ ነበሩ፣ ቁጥሩም።

ቁጥርህ ካለ፣ ጥሪው ላይ የተጻፈውን ቀን አስምርበት። ኦሪጅናል ወረቀትህን፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ቀጭን ብርድ ልብስና በሶ ያዝ። ኮፒዎቹን ቤት ለሚቀር ሰው አስቀምጥ፣ የት እንዳሉም አሳየው።